የጭቃ ሳንቡሳ

ኩልሱም አፏን መሰብሰብ አታውቅም። ባለፈው ዒድ፣ ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሎ ሳለ፣ «የፈትያ ሳንቡሳ እኮ በቃ ጭቃ ነው!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈትያ የወንድሟ የዓብዱሰላም ሚስት ናት፤ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት።

ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትውጠው ነበር። ያንገበገባት ሌላ ነው። ኩልሱም ትልቅ እንግዳ በመጣባት ቁጥር ሳንቡሳ የምታሠራው እሷኑ ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ «የእጄ ሥራ ነው፣ ብሉልኝ» ትላለች። ሙያው የኩልሱም፣ የዘይቱ ፍንጣሪ የፈትያ! ካዛንቺስ ሁሉ ኩልሱምን ባለሙያ ሲል ፈትያ አንድ ቀን እንኳ ስሟ በሙያ ተነስቶ አያውቅም።

ረመዳን ገባ፤ ኩልሱም ደወለች።

«ሐሙስ ሐጃ ካሚላ እኔ ጋ ያፈጥራሉ። የልጄ አማት ሊሆኑ ነው፤ ታውቂያለሽ። ያንን አምና የወደዱትን ሳንቡሳ ሥሪልኝ። ግን፣ ማለቴ፣ እንደ ዒዱ እንዳታደርጊው።»

«እሺ እትዬ» አለች ፈትያ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ያን ሰሞን የነፈትያ ቤት በመጫወቻ ጭቃ ሥራ ተይዟል። ልጃቸው አሚና ትምህርት ቤት የለመደችው ነው፤ ኮላና የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ዘይት ታሽቶ ይቦካል፣ እሳት ሳይነካው ጥላ ላይ በራሱ ይደርቃል። ዓብዱሰላም ሳይቀር ስታዲየም ካለው ሱቁ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ቲማቲምና ቃሪያ ያድበለብላል። ቁምሳጥኑ ላይ ማንም የማይበላው ምግብ ሞልቷል። ፈትያ እስከዚያ ቀን እያየች ከመሳቅ በቀር እጇን አላስገባችም።

«አሚና፣ ነይ ሳንቡሳ እንሥራ።»

እንደ እውነተኛው ሦስት ማዕዘን አጠፈችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ሲደርቅ በወፍራም ሻይና በእርድ ቀቡት።

«እማ፣ ለማን ነው?»

«ለአክስትሽ።»

ዓብዱሰላም ደነገጠ። «አንቺ ሴትዮ! እህቴ እኮ ናት!»

«ጭቃ ነው ብላ የለ? እንግዲህ ጭቃዋን ትብላ።»

ዓብዱሰላም ጭቃዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ከዚያ ብሩሹን አነሳና «ይሄኛው ጥሬ ይመስላል» ብሎ አንዱን ጎን ደጋግሞ ቀባው።

ሐሙስ ፈትያ ጭቃውን ዘይት ቀብታ፣ ከሰል ላይ ሞቅ አድርጋ ሰሃን ላይ ደረደረችው። እውነተኛውን ሳንቡሳ ደግሞ በሌላ ዕቃ ሸፍና ኩልሱም ማድቤት ደበቀችው። አዛን ሲል ሁሉም በተምር አፈጠረ። ኩልሱም ሰሃኑን ወደ ሐጃ ካሚላ አስጠጋች።

«የእጄ ሥራ ነው ሐጃ። ዛሬ ወገቤ ነው የተቆረጠው!»

ፈትያ ኩልሱም ራሷ ስትነክስ ለማየት በር ላይ ቆማለች። ጉርሻ የሚባል ነገር መኖሩን ረስታው ነበር። ኩልሱም ትልቁን አንስታ «አፈር ስሆን ሐጃ!» ብላ በገዛ እጇ አጎረሰቻቸው። ፈትያ ልታስቆማት አንድ እርምጃ ብትራመድም አልደረሰችም።

ሐጃ ነከስ አደረጉና ቀጥ አሉ። አውጥተው አዩት፤ የሰሃኑ ጠርዝ ላይ ሲመቱት ቋ አለ።

«ኩልሱም፣ በእጅሽ የሠራሽው ይሄንን ነው?»

የኩልሱም ፊት አመድ መሰለ። «እኔ አይደለሁም! ወላሂ ፈትያ ናት የሠራችው!»

ፈትያ ወደ ሳሎኑ ገባች። ይሄን ቃል ከኩልሱም አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች!

«የዛሬውን ብቻ ነው እትዬ፣ ወይስ ያምናውንም?»

ሐጃ ወደ ኩልሱም ዞሩ። «ያምናው ጣት የሚያስቆረጥም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የማን ነበር?»

ኩልሱም ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች።

«የሷ» አለች። «ሁሉም የሷ ነው።»

ፈትያ የሐጃን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ማድቤት የደበቀችውን እውነተኛ ሳንቡሳ አምጥታም አቀረበችላቸው። ሐጃ እየሳቁ በሉ፣ ደገሙም። ደስታዋ ግን ገና አልሞላም። አንዱን አነሳችና ኩልሱም ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ አፈር ስሆን።»

በሰው ፊት ጉርሻ አይመለስም። ኩልሱም የተዘረጋውን ሳንቡሳ አየች፣ የፈትያን ፊት አየች፤ እውነተኛው ይሁን ጭቃው መለየት አቃታት። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።