ለፎቶ የተደበቀው አልጋ

ናሁሰናይ ቤት ሻጭ ነው፤ የራሱ ቤት ግን የለውም። ጎንደር ላይ በተከራያት አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሰውን ቪላ በፌስቡክ ሲሸጥ ሦስት ዓመቱ ነው። ሥራውን አያውቅበትም ማለት ግን ሐሜት ይሆናል። አክስቱ ወይዘሮ ሰርኬ የመተማ ዮሐንስ ቤታቸውን ለመሸጥ አምስት ወር ሙሉ ከአገሩ ደላሎች ጋር ደክመው ገዢ ሲያጡ፣ "እኔ እያለሁ!" ብሎ በመጋቢት ሐሩር ስልኩን ታጥቆ ወረደ።

ሰርኬ ቸኩለዋል። ልጃቸው ሠላማዊት ጎንደር ላይ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ቀኗም ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወር ሦስት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። "እማዬ፣ አንቺ ሳትመጪ አልወልድም" ትላቸዋለች በስልክ፣ ልጅ በቀጠሮ የሚመጣ ይመስል። ዘግተው እንዳይሄዱ፣ የቆላ ምስጥ የተዘጋ ቤት ይወዳል። አደራ የሚሉት ዘመድም መተማ ላይ አልቀረላቸውም። ስለዚህ ቤቱ ሳይሸጥ ሰርኬ ንቅንቅ አይሉም፤ ምጥ ደግሞ ገዢ አይጠብቅም።

ናሁሰናይ ግቢውን አንዴ ዞረና ራሱን ነቀነቀ። ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ስለሆነ ግቢው ባዶና ንጹሕ መሆን እንዳለበት ለአክስቱ አስረዳ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ማንሳት ጀመረ። የውኃውን ጋን፣ የተንጠለጠለውን አጎበር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ያሉትን ሁለት የገመድ አልጋዎች፣ የአገሩ ሰው አንገረብ የሚላቸውን፣ አንድ በአንድ እየጎተተ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ከተተ።

አንዱ አልጋ የጣሰው ነበር። ባላቸው ጣሰው ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሳያልቅ ነው ያረፈው። ከእርሻ ተመልሶ ጋደም ሲል ሰርኬ በር ላይ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ "ቀስ በሉ፣ ሰው ተኝቷል" ይሉ ነበር፤ ጎረቤታቸው ኩብራ እስከ ዛሬ ትቀልድባቸዋለች። እሱ ከሞተ ወዲህ አልጋው ከሳቸው አልጋ ጎን እንደተነጠፈ አለ፤ ማንም ተኝቶበት አያውቅም። አሁን እግሩ መሬት እየጫረ ሲጎተት አዩት።

"ሌላው ሁሉ ይሸጥ" አሉ። "ያ አልጋ ግን ከእኔ ጋር ጎንደር ይሄዳል።"

ኩብራ ሰምታ ሳቀች፤ በጎንደር ብርድ ውጭ የሚተኛው ጅብ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ቢሆንም ደግ ናትና ከፋይ ሶፋዋን፣ መጋረጃዋንና የፕላስቲክ አበባዋን ለፎቶው አዋሰች። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሁሉ በላብ ይጠመቃል፤ ፎቶ ግን አያልበውም።

ፎቶው ወጣ። አራት መቶ ሰው ወደደው። ከአዲስ አበባም ከአዋሳም ተደወለ፤ ዋጋ ጠይቀው እልም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ገባ።

በሳምንቱ አብዱረሕማን የሚባል፣ ከመተማ አቅራቢያ ካለችው ከኮኪት የሆነ ሰሊጥ ነጋዴ ደወለ። ለእናቱ ቤት ይፈልጋል። ስለ ክፍሉም ስለ ዋጋውም ሳያነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤

"በዚህ በሚያዝያ የት ነው የምትተኙት?"

ናሁሰናይ ሁለት መኝታ ቤት መኖሩን፣ ማቀዝቀዣም ማስገባት እንደሚቻል በኩራት ዘረዘረ። ሰውዬው አመስግኖ ዘጋው።

ከጎኑ ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት ሰርኬ መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ ቀጥሎ ንዴታቸው። በዚህ ወር ከቆርቆሮ ሥር እንኳን ሰው ዶሮም አያድርም። ደገኛ ምን ያውቃል!

"ልጄ፣ ለሰው ያሳየኸው ዕቃ ማስቀመጫዬን ነው" አሉት። "ቤቴን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደብቀኸዋል።"

ሶፋው ለኩብራ ተመለሰ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሰርኬ ግቢውን ውኃ ረጩ። ጋኑ ጥላው ሥር ተቀመጠ፣ አጎበሩ ተሰቀለ። የጣሰውን አልጋ ማንንም አላስነኩም፤ ራሳቸው ተሸክመው በድሮ ቦታው አኖሩት። ናሁሰናይ አፍሮ አዲስ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ይህኛውን የወደደው ሠላሳ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ግን አብዱረሕማን ነበር፤ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ እናቱን ይዞ መጣ።

እናቲቱ ሐጃ መጂዳ ወደ ክፍሎቹ ዘወር ብለው አላዩም። በምርኩዛቸው ቀጥ ብለው ወደ ኒሙ ሄዱና የጣሰውን አልጋ ገመድ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚመጣ?" አሉ።

"እስከ ስምንት ሰዓት ከድንበሩ በኩል ነው፤ ከዚያ ይዞራል። ራስዎን ወደ ኒሙ ያድርጉት።"

ሰርኬ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ያወቁት። ጣሰው በየቀኑ እንዲህ እያለ ነበር አልጋውን የሚያዞረው። አሮጊቷ እንደተባሉት ጋደም አሉ። ሰርኬ "ይሄኛው አይተኛበትም" ሊሉ አሰቡና ተዉት።

ወንዶቹ ዋጋ ጀመሩ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ፣ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። ሰርኬ ድንገት ዞረው፣

"ቀስ በሉ፣ ሰው ተኝቷል" አሉ።

ይህን ካሉ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗቸዋል። ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ኩብራ ሰምታ እጇ ላይ ያለውን ልብስ እንደያዘች ቀረች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። ሰርኬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አልደበቁትም።

የቀረው ዋጋ በሹክሹክታ አለቀ። ሐጃ መጂዳ አፋቸውን ከፈት አድርገው ያንኮራፋሉ። ናሁሰናይ በጫማው ጫፍ እየተራመደ ወደ አክስቱ ተጠጋና፣ ለሐሙስ የጭነት መኪና እንደሚፈልግ፣ አልጋውንም በደንብ ጠፍሮ እንደሚያስር በጆሯቸው ነገራቸው።

"ተወው" አሉ ሰርኬ። "እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"