የሳቅሁበት ልብ

ጌጤ በገብስ አጨዳ ደቦ መሃል ደረቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ «የሚስቴ ልብ የሚሮጠው ሥራ ሲያይ ነው» ብዬ ደቦኛውን ያሳቅሁት እኔ ባሏ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው። ቀልዱ ጣመኝና ሰባት ዓመት ደጋገምሁት። እሷም ማጭዷን ይዛ ትነሣ ነበር።

ዘንድሮ ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሐኪሙ በብሽሽቷ ደም ሥር ቀጭን ሽቦ እስከ ልቧ አስገባና፣ የታመመውን ቦታ ለማግኘት ሆን ብሎ ልቧን አስሮጠው። እኔ ከማከሚያ ክፍሉ መስተዋት ወዲህ፣ ማሽኖቹ ዘንድ ቆሜያለሁ።

«ይዩት፣ በደቂቃ ሁለት መቶ አሥር» አለችኝ ማሽኑ ላይ ያለችው ነርስ።

ከዚያ ያችን ምስር የምታህል ቦታ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ተኮሷት፤ ልቧም ወዲያው ረጋ።

ጌጤ ነቅታ ኖሯል። ድምፅዋ በድምፅ ማጉያው መጣ፦

«ዶክተር፣ ሲሮጥ ባሌ አየው?»