ቁም ሳጥን ውስጥ የበራው እንጉዳይ

የባሌ እህት የጫማ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ክዳኑን ስታነሳው፣ በበሰበሰ ግንድ ስባሪ ላይ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ የጅብ ጥላዎች በቅለዋል።

«ከጫካ ነው ያመጣሁት። በጨለማ ያበራል አሉ። እትዬ፣ አንቺ የተማርሽው ስለ ዕፅዋት አይደል? ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

«እንጉዳይ ዕፅዋት አይደለም» አልኳት።

«ይኸው! ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

በማጉያ መነጽር አየኋቸው። ባርኔጣቸው ግራጫ፣ ከሥሩ ያለው ሽንሽን ነጭ፣ እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ነው። መጽሐፌ ላይ ይህን የሚመስሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ የአንዱ ባርኔጣው ብቻ ያበራል፣ ሌላው እስከ እግሩ ድረስ። የሚለዩት ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው።

«ሲመሽ እናየዋለን።»

«እስኪመሽማ ይጠወልጋል! መታጠቢያ ቤቱ መስኮት አለው፣ ጓዳው በር የለውም...» ዓይኗን በቤቱ ዙሪያ አንከራተተችና «የወንድሜ ቁም ሳጥን!» አለች።

ባሌ ካለፈ ወዲህ አልከፈትኩትም። ልብሶቹን ለሰው እንስጥ እያለች ስትወተውተኝ ከርማለች፤ እኔም መልሴ አንድ ነው።

«ቁልፉ ጠፍቷል።»

«አንገትሽ ላይ ያለውስ የምንድን ነው? የመንግሥተ ሰማያት?»

ከፈትኩት። ካፖርቶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገን፣ ሁለት ያረጀን ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። በሩን ሳበችው።

«ክርንሽን አንሺልኝ!»

«ክርኔ አይደለም፣ መስቀያው ነው።»

የካፖርቶቹ ሽታ መጣ። ስለ እንጉዳዩ ማሰቤን ቀጠልኩ።

«ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ታገሺ» አልኳት።

«እሺ። የሚያበራው ባርኔጣው ብቻ ነው፤ እግሩ ጨርሶ አያበራም።»

እኔ የገዛ እጄ እንኳ አይታየኝም።

«በምን አየሽው?»

ካርቶኑን ወደ ጉልበቴ ገፋ አደረገችው።

«ትናንት ማታ ቤትሽ አይተሽዋል፣ አይደል?»

«ስሙንም የጫካ ጠባቂው ነግሮኛል» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ምን ላድርግ? በደህና ቃል አልከፍት አልሽ!»

«አንቺ ዓይነ ደረቅ!» ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። እሷም ለቀቀችው፤ መስቀያዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሳቃችን ሲበርድ በመካከላችን አረንጓዴ ብርሃን ብቅ አለ። ባርኔጣ ብቻ። ልክ ነበረች።

«እትዬ፣ እያለቀስሽ ነው?»

«የብል መድኃኒቱ ነው።»

ስንወጣ ግራጫ ካፖርቱን ለብሳዋለች፤ መቼ እንዳጠለቀችው አላየሁም። እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።

«በርዶኝ ነው» አለች፣ ዓይኔን እየሸሸች።

«አውልቂው።»

ፊቷ ክፉኛ ጠቆረ።

«እጅጌው ረዝሞብሻል፣ አሳጥሬ እሰጥሻለሁ» አልኳት። «ሌሎቹን ግን ዛሬ አይደለም።»