ስድብ የናፈቀው ሰው

ከልብ ወለዱ የተሠራው ፊልም ታየ፤ ጭብጨባውም አለቀ፤ ዳርዮ ስካንዱራ ግን ወደ ሮም አልተመለሰም። ሮም ያለው ቤቱ፣ ልብ ወለዶቹ በተተረጎሙባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ተሞልቷል፤ በአንዳቸውም «ምሳ በላህ?» የሚለው ሰው የለም። በተወለደባት በዚህች የደቡብ ጣሊያን የካላብርያ ከተማ ሊቀር አስቧል። ለማንም አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኢማኮላታ ቡና ቤት ገባ። በልጅነቱ ከጎኑ ተቀምጦ የተማረው ሮኮ፣ ከናታሌና ከቶቶ ጋር ካርታ ይዞ ተቀምጧል። አራተኛቸው ጉልበቱን ታሞ ሆስፒታል ስለተኛ አንድ ወንበር ባዶ ነው።

«ልግባ?» አለ ዳርዮ።

ሦስቱም ተነሡ። ኢማኮላታ ወንበሩን በፎጣ ወለወለችለት። የፈራው ይህንን ነበር።

ዳርዮ ከሮኮ ጋር ወገን ሆነ። ገና ጨዋታው ሲጀመር ቶቶ ተሳሳተ።

«አንተ ዱባ!» አለ ወገኑ ናታሌ። «ንጉሡን አሁን ትጥላለህ? ምን አስቸኮለህ?»

«አንተ ትናንት ካርታውን ገልብጠህ ስትይዝ ማን ተናገረህ?»

«መነጽሬ ተሰብሮ ነዋ!»

«የእኔ እናት ያለ መነጽር፣ ከመቃብር ሆና፣ ካንተ የተሻለ ትጫወታለች።»

ዳርዮ ከልቡ ሳቀ። ሳቁን ሲሰሙ ሁለቱም ዝም አሉ። ናታሌ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ።

«ይቅርታ ያድርጉልን ማኤስትሮ፤ ባለጌዎች ነን» አለው፣ ታላላቅ ሊቃውንት በሚከበሩበት መጠሪያ።

ቀጥሎ ሮኮ አንድ ካርታ ጣለና ጠረጴዛውን በጡጫው መታ። ወገንህ እንዲህ ከመታ፣ ከዚያው ዓይነት የያዝካትን ትልቋን ታወርዳለህ። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ እዚህ የለም። ዳርዮ ከሁሉም የምትበልጠውን ባለ ሦስቷን ይዟል። በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ እንዲሁ ሲደብቃት፣ ሮኮ ካርታውን ሁሉ ፊቱ ላይ በትኖበት እስከ ቤቱ ደጃፍ እየተከተለ ሰድቦት ነበር። በነጋታው ዓሣ ሊያጠምዱ አብረው ሄዱ።

ዳርዮ ባለ ሦስቷን እጁ ላይ አስቀርቶ ትንሿን ጣለ። የሮኮን ፊት እያየ ጠበቀ። ከሰደበኝ እቀራለሁ አለ በልቡ።

የሮኮ አንገት ቀላ። መንጋጋው ተንቀሳቀሰ።

«እንግዲህ…» አለ፤ «ማኤስትሮ የራሳቸው ሐሳብ ይኖራቸዋል።»

ዳርዮ ካርታዋን ገልብጦ አሳየው። «ሮኮ፣ ሦስቷ እኮ እጄ ላይ ነበረች።»

«አየሁ። በጣም ረቂቅ አጨዋወት ነው።»

«ፊልምዎም እንዲሁ ነበር» አለ ቶቶ። «አልገባኝም፤ ግን በጣም ጥሩ ነው።»

ዳርዮና ሮኮ ተሸነፉ። ዳርዮ ባቡር እንዳለበት ተናገረ፤ በስንት ሰዓት ብሎ የጠየቀው የለም። ሁሉም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ኢማኮላታ ስልኳን አውጥታ አብራው ፎቶ ተነሣች።

በሩ ከኋላው ሲዘጋ የሮኮ ጡጫ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ያ አህያ! ሦስቷን ታቅፎ ቁጭ! ዶሮ ነው እንዴ፣ ሊፈለፍላት ነው? ድሮም እንዲህ ነበር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደንቆሮ!»

ዳርዮ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አሳረፈ። ቢከፍተው ዝም ይላሉ። ሳይከፍት ቆሞ አዳመጠ፣ ስድቡ እሱን ትቶ ወደ ቶቶ እስኪዞር ድረስ።