ሕዋሶቹ ትተውት የሄዱት

ሰኞ ጠዋት ሊሚ ኡርጌሳ ላብራቶሪውን ስትከፍት ሕዋሶች የሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን ድምፅ አልነበረውም። እጇን ሰደደች፤ ቀዝቅዟል። እሁድ ሙሉ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ ቀርቶ ኖሯል። ከአራስ እናቶች እትብት አውጥታ ስምንት ወር ያሳደገቻቸው ስቴም ሴሎች፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችሉት ሕዋሶች፣ አንድም ሳይቀር ሞተዋል።

ኃላፊዋ ዶክተር ሬድዋን መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«በቃ ሊሚ፣ ሪፖርቱን ጻፊና ጥናቱን እንዝጋው።»

«አልዘጋውም ዶክተር። ሕዋሶቹ ቢሞቱም የኖሩበት ፈሳሽ አለ። ስቀይርላቸው አሮጌውን አልደፋሁትም፤ ፍሪዘር ውስጥ ነው። አሁን አየሁት፣ አልቀለጠም።»

«እጣቢው ምን ያደርግልሻል?»

«ባለፈው ሕዋሶቹን የሰጠናቸው አይጦች ሳንባቸው ዳነ አይደል? በሳምንቱ ስንፈልግ ግን አንድም ሕዋስ አላገኘንም። ታዲያ ማን አዳናቸው? ሕዋሶቹ አንድ ነገር አመንጭተው ትተው ነው የሄዱት። ፕሮቲን ይመስለኛል፤ ያ ደግሞ ፈሳሹ ውስጥም ይኖራል።»

ሬድዋን ፍሪዘሩን ከፍቶ ጠርሙሶቹን ቆጠረ። «ሁለት ወር እሰጥሻለሁ» አላት በመጨረሻ።

ይህ ጉዳይ ለሊሚ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። እናቷ ጌጤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመችና እየሸጠች ነው ያሳደገቻት፤ ቤቷ የምትማግደው የዚያው ቅጠል ጭስ ደግሞ የእናቲቱን ሳንባ በላው። ዛሬ ከአውቶቡስ ወርዳ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤቷ ለመድረስ ሦስት ቦታ ቆማ ትተነፍሳለች።

«ይሄ የአይጥ መድኃኒት ለእኔ ይደርሳል?» አለቻት አንድ ቀን።

ሊሚ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ላይደርስ ይችላል እማዬ። ገና ብዙ ዓመት ይፈልጋል።»

ጌጤ የሊሚን ቦርሳ አቀበለቻት። «እንግዲያው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ሥራሽ ላይ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ፈሳሹን ያገኙትም ያላገኙትም አይጦች ሳንባቸው እኩል አብጦ፣ እኩል ቀልቶ ተገኘ። ሊሚ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ማስታወሻዋን ከመጀመሪያው ገጽ አነበበችው። ፈሳሹ ቀጥኖ ቢሆንስ? ውሃው በረቂቅ ወንፊት እያለፈ ፕሮቲኑ እንዲቀር ደጋግማ አጠለለችውና ሃያ እጥፍ አወፈረችው።

በሁለተኛው ሙከራ ሳንባቸው የተጎዳ ሃያ አራት አይጦችን በሦስት እኩል ከፈለች። ለአንዱ ቡድን የወፈረውን ፈሳሽ፣ ለሌላው ሕዋስ ያልነካውን፣ ለሦስተኛው ፕሮቲኑ እንዲበላሽ የፈላውን ሰጠች። በኋላ ከየአይጡ ሳንባ የተቆረጠውን ስስ ቁራጭ በያዙት መስታወቶች፣ በስላይዶቹ፣ ላይ ቡድኑን ሳትገልጽ ቁጥር ብቻ ጻፈችና ሬድዋንን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው።

ሃያ አራቱንም አየ። ሰባቱን ለብቻቸው ነጠላቸው።

«የእነዚህ የአየር ከረጢቶች ክፍት ናቸው። ብግነቱም ትንሽ ነው። የሌሎቹ ተደፍነዋል።»

ሊሚ ማስታወሻዋን ገለጠች። ሰባቱም የወፈረውን ፈሳሽ ያገኙት ናቸው። ከስምንቱ አንዱ ብቻ አልተሻለውም።

«የፈላውስ?»

«ምንም አልሠራም።»

ሬድዋን መነጽሩን አወለቀ። «ፕሮቲን ነው ያልሽው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን የትኛው? ፈሳሹ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር አለ እኮ። አንድ በአንድ ለይተሽ ልትሞክሪያቸው ነው?»

«አዎ።»

«ዓመታት ይፈጃል።»

«አውቃለሁ» አለች ሊሚ፤ አዲስ ጓንት አጥልቃ የቀረውን ጠርሙስ ከፍሪዘሩ አወጣች።