ወደ ሐርላ የሚመራን ፈረሰኛ

ተማም ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በድሬዳዋ ይህን የሚያውቁ እሱና ዳማው ብቻ ነበሩ፤ ዳማው ደግሞ ፈረስ ነው፣ አይናገርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባቡር ጣቢያ ወደ መጋላ፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ ሰፈር ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው መጋለብ አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ለነገሩ ጋሪ ነጂ ዕድሜውን የሚጨርሰው የፈረስ ጭራ ሲያይ ነው። ለምን እንዳልወጣ የጠየቀው ቢኖር ተማም ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጎትተው የዋለን ፍጡር ሲመሽ ደግሞ ተሸከመኝ ማለት ነውር ይመስለው ነበር። ሁለተኛው፣ ይፈራ ነበር።

መምህርት ማዘንጊያ ባትመጣበት ኖሮ ምስጢሩን ይዞ በሰላም ባረጀ ነበር። ማዘንጊያ ከዚራ ባለው ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ አራት መምህራን ጓደኞቿን ይዛ በፈረስ ሐርላ ድረስ መሄድ፣ የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ ማየት፣ አንድ ሌሊት እዚያው ድንኳን ተክሎ ማደርና በማግስቱ መመለስ። በመኪና ለምን አትሄዱም ሲሏት፣ «የሐርላ ሰዎች ዕቃ ጭነው የወጡት በእንስሳ ነው። መንገዱን በእነሱ ፍጥነት ካላየሁት አልገባኝም» ትላለች። ይህን ስትል ዓይኗ ይበራል፤ ክርክር የጀመረ ሰው ሳይታወቀው ኮርቻ ፍለጋ ይሄድላታል።

ተማም እንደዚህች ሴት ነገር የሚያቅድ ሰው አይቶ አያውቅም። የባቡሩ ሰዓት አስከባሪም አያህላትም! በአንድ ትልቅ ካርቶን ጀርባ ላይ መንገዱን ስላው፣ ጥላ ያለበትን ዛፍ ሁሉ ምልክት አድርጋበት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሪው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ፈረስ በቀን ስንት ባልዲ እንደሚጠጣ፣ ድንጋይ ላይ ሲሄድ የትኛው ኮቴው ቶሎ እንደሚጎዳ፣ ከማያውቀው ፈረስ ጋር ሲታሰር ምን እንደሚሆን ጠየቀችው። የሚላትን ቃል በቃል ትጽፈዋለች። አንቱ ትለዋለች ደግሞ። ተማም ሰው ሲሰድበው እንጂ ያለውን ሲጽፍለት አላየም ነበርና፣ የዚያን ቀን ማታ ዳማውን ሲያጥብ ብቻውን ይስቅ ነበር።

አምስቱን ፈረሶች ከጋሪ ነጂ ወዳጆቹ ያሰባሰበላት እሱ ነው። ኮርቻው ከአንድ ጡረታ ከወጣ ፈረሰኛ ፖሊስና ከገጠር ዘመዶች ተገኘ። ድንኳኑን ልትዋስ ዕድር ዘንድ የሄደችው ግን ራሷ ናት። የዕድሩ ዳኛ ገና ድንኳን የሚለውን ቃል ሲሰሙ «እኔን! ማን ሞተ?» ብለው ብድግ አሉ። ማንም አልሞተም፣ ተራራ ሥር ተክለን ልናድርበት ነው ስትላቸው ይበልጥ ደነገጡ። ቢሆንም ሰጧት፤ አልኳችሁ እኮ፣ እሷን እምቢ የሚል አልነበረም።

የከበደው የጉዞ ፈቃድ ማግኘቱ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ስድስት ፈረስና ድንኳን ይዞ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ያለው ከቀበሌው ጸሐፊ ከጓድ ክፍሉ እጅ ነበር። ጓድ ክፍሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደብተር ነበረው እንጂ። የሚያየውንም የሚሰማውንም በዚያች ደብተር ይጽፋል፤ የጻፈው የት እንደሚሄድ አይታወቅም። በማመልከቻው ላይ «ካምፕ» የሚለውን ቃል ሲያይ እስክሪብቶውን አነሳና ሰርዞ «አዳር» አለው። ካምፕ የወታደር ነው። «የጉዞው መሪ» የሚለውንም ሰረዘ፤ በዚያ ዘመን መሪ የሚለው ቃል እንደ ስኳር በራሽን ነበር። በመጨረሻ ከግርጌው እንዲህ ብሎ ጨመረ፤ «ልምድ ያለው ፈረሰኛ ከፊት የሚሄድ ከሆነ ይፈቀዳል። ይኸውም በአካል ታይቶ።»

«ልምድ ያለው ፈረሰኛማ አለን» አለች ማዘንጊያ። «ጋሽ ተማም አሉልን።»

ተማም እዚያው ቆሞ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየ፤ አፉን ዘጋ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ግን እያደር ከበደ። እውነቱን ቢናገር የሦስት ወር ልፋቷ ገደል ይገባል። ዝም ቢል ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉዞው ሲነሳ፣ በሰው ሁሉ ፊት ኮርቻ ላይ ሊወጣ ነው፤ ወድቆም ራሱንም ጉዞውንም ያዋርዳል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ለእሷ እንዳይነግራት ፊቷ ሲጠቁር ማየት አልቻለም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ወደ ሀብተ ማርያም ቢሮ ሄደ።

ሀብተ ማርያም ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ቃሉ የተቆጠረ ሰው ነው። በስብሰባ ላይ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ መወለዱን ይናገራል፤ በሠራተኛነት ቅጹም ላይ የሞላው ይህንኑ ነው። ተማም ገብቶ ጌታዬ ሊል ሲል ቃሉን ዋጠው፤ ጌታዬ ማለት ከቀረ ቆይቷል።

«ጓድ ሀብተ ማርያም፣ ወላሂ ልዋሽዎት አልችልም። እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አንድ ቀንም!»

ሀብተ ማርያም አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ጥላው ሥር ወደ ታሰረው ዳማ ተመለከተ። «አፉ ለስላሳ ነው?» አለ።

«አቦ፣ እንደ ሕፃን! ልጓሙን ገና ሳልስበው ነው የሚገባው።»

«ነገ ፈረሶቹን በሰዓቱ አምጣቸው» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ተማም ደጅ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነው። የፈረስን አፍ የሚጠይቅ ሰው ፈረስ የሚያውቅ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱ ፈረሶች በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተደረደሩ። ማዘንጊያ ካርቶኗን ይዛ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። መምህራኑ ይሳሳቃሉ። ጓድ ክፍሉ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና «እስቲ ተማም፣ ውጣና አሳየን» አለ።

ተማም ዳማው አጠገብ ቆመ። እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈ። እግሩ ግን ከመሬት አልነሳም አለው። ተናግሮ ሊገላገል አፉን ሲከፍት ሀብተ ማርያም ከኋላ መጥቶ ልጓሙን ከእጁ ወሰደ።

«ለመምህራኑ ተጠያቂው እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔ ልሞክረው» አለ።

ተማም ያን ጊዜ ሐሳቡ ገባው። ሰውዬው እንደ ጀማሪ ወዲያ ወዲህ እያለ ሜዳውን ሊዞር፣ ሰዎቹን ሊያስቅ፣ «ለስላሳ ፈረስ ነው፣ ማንም ይሄድበታል» ብሎ ነገሩን ሊያቀል ነው። አወጣጡም እንደዚያው ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንዳቃተው ሆኖ ነው የወጣው። ግን ገላ መዋሸት አያውቅም። ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ወገቡ በራሱ ቀና አለ። ግራ ክንዱ ጋሻ የያዘ ይመስል ደረቱ ላይ ታጠፈ። ዳማው ከበላዩ ማን እንዳለ ወዲያው አወቀ፤ አንገቱን ቀለሰ፣ ጆሮውን አቆመ፣ ከዚያ ሜዳውን በሽምጥ ሰነጠቀው።

ያ ፈረስ! ለዘጠኝ ዓመት ጤፍና ጨርቅ፣ አልጋና ሙሽራ የጎተተ፣ ባቡር ሲያፏጭ ቆሞ የሚጠብቅ የጋሪ ፈረስ፣ እንዲህ ያለ ሩጫ ሆዱ ውስጥ ደብቆ ኖሯል። ሀብተ ማርያም ከሜዳው ዳር ሲደርስ በጉልበቱ ብቻ አዞረው፤ ልጓሙን ጣቱ እንኳ አልነካውም። ሲመለስም ቀኝ እጁ ዘንግ የሚወረውር ይመስል ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ተማም ዕንባው መጣ። ሁሌ የሚሰማው ፍርሃትና ኀፍረት ለጊዜው ጠፍቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር በማየቱ ብቻ አምላኩን አመሰገነ።

ሀብተ ማርያም ልጓሙን ሰብስቦ ሲቆም ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጉግስ በልጅነቱ ያልተጫወተ ሰው እንዲህ አይቀመጥም፤ እንዲህ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ለጉግስ ብቻ የሚቀለብ ፈረስ ከነበረበት የባላባት ደጅ ነው የወጣው። ያ ዘመን ደግሞ የሰው አባት ማን እንደነበር የሚጠየቅበት፣ በመልሱም እንጀራም ከዚያ በላይም የሚታጣበት ዘመን ነው።

«ጓድ ሀብተ ማርያም» አለ ክፍሉ ቀስ ብሎ፣ የደብተሩን ገጽ እየገለጠ። «ይህን የት ተማሩት?»

ማዘንጊያ ካርቶኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ ተማም።

ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ሦስት ወር ሙሉ፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ። ኡፍ፣ መጀመሪያማ እንደ ጆንያ ነበር የሚወድቀው! አቦ ጓድ ክፍሉ፣ ጀርባውን አቅና እያልኩ ጉሮሮዬ ነው የደረቀው። ታዲያ የጋሪ ነጂ ተማሪ እንዲህ ሲሆን ምናለ፣ ደስ አይልም?»

መምህራኑ ሳቁ። ክፍሉም ፈገግ አለ፤ በተማም ፈረሰኝነትማ ከድሬዳዋ ማን ይጠራጠራል? እስክሪብቶው ግን ገና ከወረቀቱ በላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። «እንግዲያው ተማሪውን አየን» አለ። «አሁን አስተማሪውን እንየው።»

ሀብተ ማርያም ከፈረሱ ወረደ። ተማም ወደ ዳማው የሄደበትን እርምጃ በኋላ ሊያስታውሰው አልቻለም። የሚያስታውሰው፣ ሀብተ ማርያም በተተኮሰ ካኪው አፈሩ ላይ ተንበርክኮ፣ በሁለት እጁ እርካቡን እንደያዘለት ነው። ሲያዩት ተማሪ መምህሩን የሚያከብር ይመስላል።

«በልጅነቴ እርካብ የሚይዝልኝ ሰው ነበረ» አለ ሀብተ ማርያም፣ ተማም ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «ስሙን ጠይቄው አላውቅም።» ከዚያ የተማምን ባዶ እግር በእጁ አንስቶ እርካቡ ላይ አኖረው። «ግራ እጅህን ጋማው ላይ። በእኔ ትከሻ ተደገፍ። ወደ ታች አትይ።»

ተማም በሰውዬው ትከሻ ተደግፎ ወጣ።