የሳል ደብተር

የዘጠና ዘጠኝ ኅዳር ነው። ከማለዳው አንድ ሰዓት ወረታ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘን አምስት ሰዓት ሆነ። ከጎንደር የመጣው የሳንባ ሐኪም፣ ዶክተር ሕዝቅኤል፣ ከፊታችን ከገቡት ሽማግሌ ጋር ስለ በሬዎቻቸው ያወራል። በተከፈተው በር አያቸዋለሁ፤ አራት ተማሪዎቹም ግድግዳ ተደግፈው ይሰማሉ። ልጄ ናፍቆት ከመስከረም ጀምሮ ያስላታል። ሳንባዋ አልቆ ይሆናል እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እሱ ስለ በሬ ያወራል።

ተራችን ሲደርስ ደግሞ የማዳመጫውን ብረት በመዳፉ አሙቆ «ላድርገው?» ብሎ አስፈቀዳት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያስፈቅዳል።

«ዶክተር፣ ራጅ ያንሱልኝ» አልኩ።

«እናነሳለን። መቼ መቼ ይብስባታል?»

ደብተሬን አወጣሁ። ሳሏን ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት ጽፌዋለሁ።

የኔነህ የሚሉት ተማሪ ፈገግ አለ። «ሳልም ይመዘገባል እንዴ፣ እናት?»

ዶክተሩ ወንበሩን ለኔ ለቀቀ። «የኔነህ፣ ዛሬ አስተማሪህ እሳቸው ናቸው። ያንብቡልን፣ እናቴ።»

አነበብኩ። ጥቅምት ላይ አምስት ቀን ባዶ ነበር።

«እዚህ ላይስ?»

«ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጃት ተሽሏት ነበር። በተመለስን ማግስት አገረሸባት።»

«እዚያ ምን ላይ ተኛች?»

«ዳስ ውስጥ፣ ሰሌን ላይ።»

«ቤትስ?»

የመኝታዋ ነገር ምን እንዳሳሰበው እንጃ። «ቤትማ እንዳይበርዳት መስኮቱን በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ። ፍራሿንም በመስከረም መባቻ ከቁሐር ሚካኤል ባስመጣሁት የሩዝ ገለባ ሞላሁላት። የነሐሴው ጎርፍ ነክቶት ትንሽ ሻግቶ ነበር እንጂ…»

የኔነህ ሊናገር ሲል ዶክተሩ ክንዱን ያዘው።

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት?»

«ሳያውቁ ነው። የገለባው ሻጋታ ሳንባዋን አስቆጥቶት ይሆናል። ይህን ባይጽፉ ኖሮ እኛም በቶሎ አናገኘውም ነበር። ራጁም አክታውም ይታያል። ገለባው ግን ዛሬውኑ ይውጣ፤ መስኮቱም ይከፈት።»

«በኅዳር ብርድ?»

«በኅዳር ብርድ።»

«ምች ቢመታትስ?»

«ብርድ ልብስ ይደርቡላታል። ደብተሩን ለተማሪዎቼ ያውሱኛል?»

«አላውስም። ዛሬ ምን ላይ ልጽፍ ነው?»

የኔነህ ቁጭ ብሎ ደብተሬን በራሱ ወረቀት ላይ መገልበጥ ጀመረ። እጁ ዘገምተኛ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ወረፋ ማጉረምረም ሲጀምር ዞር አልኩና «ምን አስቸኮላችሁ?» አልኳቸው።